ሶሪ ብሎ ሄደ

ሐምሌ ነው። አዳማ ላይ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወዲያው ጅረት ይሆናል። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። አጠገቤ አንዲት እናት ቆመዋል። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው። አንድ ባጃጅ እየበረረ መጣና የተኛውን ውሃ ለሁለት ከፍሎት አለፈ። ጭቃው ከእማማ ነጠላ ጫፍ እስከ ወገባቸው ደረሰ። ሹፌሩ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ እጁን በጎን አወጣና «ሶሪ እማማ! ሶሪ፣ ሶሪ!» አለ። ሄደ።

እማማ ነጠላቸውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?»

«ሶሪ ነው ያለው። ይቅርታ ማለቱ ነው፣ እማማ።»

«ይቅርታማ ቆሞ ነው» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እሺ፣ እኔስ ምን ልበለው? ሄደ እኮ!»

ይቺ ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እውነት፣ ለሶሪ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ቃሏ ዛሬ ከተማችን ውስጥ የማትገባበት የለም። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው ፊት ሻይ ያስቀምጥና «ሶሪ» ይላል። ተማሪው አርፍዶ ይገባና «ሶሪ ቲቸር» ይላል። ቴሌግራም ላይ መልእክት በሦስተኛው ቀን የሚመልስ ጓደኛ «ሶሪ ቢዚ ሆኜ ነው» ብሎ ይጀምራል። ባለፈው ደግሞ አንድ ባንክ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ከተሰለፍኩ በኋላ ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቀና ብላ «ሲስተም የለም፣ ሶሪ» አለችኝ። የደገሙት ቡና የመሰለች፣ ቀጭን ሶሪ። ከኋላዬ የነበሩት ሰውዬ «ሶሪ አይበላ!» ብለው ወጡ።

ቃሏ ከእንግሊዝኛ ወደ እኛ ስትሻገር አንድ ነገር ጥላ ነው የመጣች። በእንግሊዝኛ ሶሪ ቅጽል ናት። «አይ አም ሶሪ» ሲሉ «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለታቸው ነው፤ ደስተኛ ነኝ፣ ደካማ ነኝ እንደሚባለው። የሰውዬውን የውስጥ ሁኔታ የምትናገር ቃል ናት። እኛ ግን «ሶሪ ነኝ» አንልም። «ሶሪ አለኝ»፣ «ሶሪ በላት»፣ «ሶሪ እንኳ ሳይለኝ ሄደ» ነው የምንለው። ዝም አለ፣ እሺ አለ፣ እንቢ አለ ከሚባሉት ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። እነሱ ዘንድ የሚሆኑት ነገር የነበረችው፣ እኛ ዘንድ የሚሉት ነገር ሆነች። ማለት ደግሞ ቀላል ነው። ባጃጅ እየነዱም ይባላል።

አመጣጧን ላየ ሰው ጉዳዩ የበለጠ ይገርማል። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሏ «ሳሪግ» ነበረች። ሥሯ «ሳር» ነው። የእኛ ሳር አይደለም፣ ከብት አይበላውም። ትርጉሙ ሕመም፣ ቁስል ማለት ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጉሮሮው ሲከረክረው «ሶር» የሚላት ቃል ከዚሁ የወጣች ናት። ጀርመኖች «በጣም» ለማለት «ዜር» ይላሉ፤ እሷም የዚሁ ዘር ናት፤ መነሻዋ «በሚያም ሁኔታ» ማለት ነበር። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም «ክፉኛ ወደዳት» እንላለን፤ ክፋት ሳይኖርበት።

ብዙ ሰው ሶሪን «ሶሮው» ከሚባለው፣ ሐዘን ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣች ይመስለዋል። አይደለችም። ሶሮው «ሶርግ» ከሚባል ሌላ ጥንታዊ ቃል ነው የመጣው፤ እሱም ጭንቀት፣ ሐዘን ማለት ነበር። ሁለቱ እንደ ጎረቤት ልጆች አብረው ሲያድጉ መልካቸው ተቀራረበ፣ ድምፃቸውም ተመሳሰለ። በደም ግን አይዛመዱም።

ታዲያ በትውልዷ ካየናት፣ ሶሪ የሚል ሰው «ቆስያለሁ፣ አሞኛል» እያለ ነው። አስቡት። ጭቃ የተረጨችው ሌላ ሰው፤ አመመኝ የሚለው የረጨው። የእኛ ሰው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል። ሶሪ ግን ቁስሉን በወጊው አፍ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው።

እንግሊዞች ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም፤ ቃሏ ከሥሯ ይቅርታ መጠየቂያ ብቻ ሆና ስላልተፈጠረች። የሰው አባት ሲሞት «አይ አም ሶሪ» ይላሉ። ገድለውት አይደለም። ሐዘንህ ለእኔም ተሰማኝ ማለታቸው ነው። ያልሰሙትን ነገር እንዲደገምላቸው ሲፈልጉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሶሪ?» ይላሉ፤ የእኛን «አቤት?» መሆኑ ነው። የተጎሳቆለ ነገር ሲያዩም ይቺኑ ቃል ይለጥፉበታል፤ ያኔ «ምስኪን፣ የማይረባ» ማለት ትሆናለች። አንድ ቃል፣ አራት ሥራ።

እኛ ዘንድ ለየሥራው የየራሱ ቃል አለ። ይህን የተማርኩት አንድ ለቅሶ ቤት ነው። እዚሁ አዳማ አንዲት ጎረቤታችን ባላቸው አርፈው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ውጭ አገር ያደገ የወንድማቸው ልጅ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አማርኛው ይንተባተባል። ጎንበስ ብሎ አቀፋቸውና «እትዬ፣ አይ አም ሶሪ፣ በጣም ሶሪ» አላቸው። እሳቸው ሶሪ ማለት ይቅርታ እንደሆነ ከልጆቻቸው ለምደዋል። ቀና ብለው በእንባ መሀል «አንተ ደግሞ ምን አጠፋህና ነው ልጄ?» አሉት። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። ልጁ በራሱ ቋንቋ ምንም አልተሳሳተም። «ነፍስ ይማር» ወይም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» መባል ባለበት ቦታ የተጠቀመው ቃል እኛ ጋ ሲደርስ ግማሽ ሥራውን አውልቆ መምጣቱን አላወቀም፣ በቃ።

ስለዚህ ለሶሪ የአማርኛ ዘመድ ፈልጉላት ብባል፣ ይቅርታ ዘንድ አልሄድም። የምሄደው «እኔን!» ዘንድ ነው። ሕፃን ሮጦ ሲወድቅ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «እኔን!» ይላል። ከአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የተቆረጠች ቃል ናት። እኔን ይምታኝ፣ እኔን ድፍት ያድርገኝ፣ ላንተ የመጣው ለእኔ ይሁን እንደማለት። የሌላውን ሕመም ወደ ራስ የምትጠራ ቃል። የጥንቷን ሳሪግ ብታገኛት ኖሮ ወዲያው የምትግባባት እሷ ናት። እኔን የሚል ሰው ግን ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋተኛውማ ሌላ ቃል ነው የሚያስፈልገው።

ይቅርታን አሁን እንያት። «ልሄድ ነበር፣ ይቅር» ስንል የምንጠቀምባት ያችው ይቅር ናት ውስጧ ያለችው። ሥሯ ቀረ ነው። ይቅር ማለት ይተው፣ ከኋላ ይቅር፣ አይከተለን ማለት ነው። «ይቅር በለኝ» ሲባል ቃል በቃል «‘ይቅር’ የምትለዋን ቃል አንተ ተናገርልኝ» ማለት ነው። ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። ይቅር በለኝ ያለ ሰው ገና ምንም አላለቀለትም። ቃሉን ወርውሮ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። የሚጨርስለት ሌላው ሰው ነው። ሌላው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ነገሩ አየር ላይ ነው። ቢፈልግ አይልም። መብቱ ነው።

ሶሪ እንዲህ አይነት ጣጣ የላትም። ስለ ተናጋሪው ብቻ ተናግራ ትዘጋለች። ከሰሚው የምትፈልገው ነገር የለም። የእማማ ጥያቄ መልስ ያጣው ለዚህ ነው፤ መልስ የማትፈልግ ቃል ናት የተወረወረችላቸው።

ቅሬታ የምትባለዋ ቃልም የዚሁ የቀረ ልጅ ናት። ሆድ ውስጥ የቀረ፣ ያልወጣ ነገር። አንዱ ወገን ይቅር ሲል ሌላው ሆድ ውስጥ ምን እንደቀረ የሚነግሩን ሁለቱ ቃላት ከአንድ ቤት መውጣታቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አዳማ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማል። እዚህ ከተማ አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተሳፍረው ነው የሚውሉት። በኦሮምኛ ይቅርታ «ዺፈማ» ነው። ሥሩ «ዺሱ»፣ መተው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ኦሮምኛ ኩሻዊ። ሁለቱም ግን ጥፋትን የሚያስቡት እንደ ሸክም ነው፤ ተሸክመኸው አትዙር፣ ተወው፣ ይቅር። «አፉ በለኝ» የምንለውም አለ፤ እሱ ከዐረብኛው ዐፍው የመጣ ነው፤ የዚያ ሥር ደግሞ ማጥፋት፣ መደምሰስ የሚል ሐሳብ አለው። ሦስቱም ሌላውን ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ይለምናሉ። ሶሪ ብቻዋን ናት የማትለምነው።

ሕጉም ዘንድ ብትሄዱ ልዩነቱ ይታያል። ይቅርታ የሚጠየቅ ብቻ አይደለም፣ የሚደረግም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ላይ ፕሬዝዳንቱ በሕግ መሠረት ይቅርታ እንደሚያደርግ ተጽፏል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ዜናው «ታራሚዎች በይቅርታ ተፈቱ» ይላል። ያው ቃል ነው፣ ከሌላኛው ጫፍ የተያዘ። ሶሪን እዚያ አስገብታችሁ ሞክሯት። «ፕሬዝዳንቱ ለታራሚዎች ሶሪ አሉ» ብትሉ አጥፊው ማን እንደሆነ ይገለበጣል።

የድሮ ሰዎች ደግሞ ቃሉ ብቻውን አይበቃም ብለው ሰውነትን ጨመሩበት። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ነበር የቀረቡት። ንጉሥ ናቸው፤ ሠራዊት አላቸው። ግን የወጉ ደንብ ያ ነበር፤ ድንጋዩን ተሸካሚው አያወርደውም፣ አውርድ የሚለው ሰው ነው የሚያስወርደው። ይቅር በለኝ የምትለዋ ቃል በአካል ስትታይ ይህን ትመስላለች። ከባጃጅ መስኮት ከወጣችው እጅ ጋር ሳወዳድራት ትንሽ ያስቀኛል።

ግን ነገሩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ መለጠፍም ልክ አይመስለኝም። ይቺው ቀላሏ ሶሪ ተራራ የምታክልበት ቦታ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት ለብዙ አሥርት ዓመታት የአቦርጂናል ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ነጥቆ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ «ጥልቅ ጸጸት» የሚል ውሳኔ በፓርላማ አስወሰኑ። ሶሪ የምትለዋን ግን አንጠቀምም አሉ። ሕዝቡም ሌላ አልፈለገም፤ ያቺኑ ቃል ነበር የሚጠብቀው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 13 ቀን 2008 ኬቨን ራድ ፓርላማ ቆመው ሶሪ ሲሉ፣ አደባባይ ላይ ተሰብስበው በትልልቅ ስክሪን የሚከታተሉ ሰዎች አለቀሱ። ቃሏ ያችው ናት። የሚላት ሰው ግን ቆሞ ነበር።

ካናዳውያን ደግሞ ሶሪ በማብዛት ይታወቃሉ፤ እግራቸውን ስትረግጣቸው ሶሪ የሚሉህ እነሱ ናቸው ይባላል። ቃሏ እንዲህ ከተወደደች በኋላ ሐኪሙና ሌላው ባለሙያ «ሶሪ ካልኩ ጥፋቴን አመንክ ተብዬ እከሰሳለሁ» ብሎ መፍራት ጀመረ። ስለዚህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኦንታሪዮ ደግሞ በ2009 ሕግ አወጡ፤ ሶሪ ማለት ፍርድ ቤት ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም የሚል። አመመኝና አጠፋሁ በአንዲት ቃል ውስጥ ስለተቀመጡ ሕግ ገብቶ መለየት ነበረበት።

በዚያው ሌላ ነገር ላንሳ። እንግሊዝኛ ለከበደው ይቅርታ «አፖሎጂ» የሚል ቃል አለው። ከግሪክ ነው የመጣው፤ በግሪክ ግን መከላከያ ንግግር ማለት ነበር። ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴና ላይ ሲከሰስ ያቀረበው ንግግር በዚሁ ስም ነው የሚጠራው፤ እሱም አንዲት ቃል ይቅርታ አልጠየቀበትም፣ ጭራሽ ዳኞቹን አበሳጫቸው። ዩቲዩብ ላይ ዕቅበተ እምነት የሚከታተል ሰው ቃሉን በዚያው በጥንት ትርጉሙ ያውቀዋል፤ አፖሎጂቲክስ የሚባለው እምነትን መከላከል ነው እንጂ ለእምነት ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ከመከላከል ወደ ይቅርታ የተሻገረው እንግሊዝኛ ውስጥ ነው።

አሁን አሁን ደግሞ የእኛም ይቅርታ ተመልሶ ወደ መከላከል እየሄደ ይመስለኛል። ሰው ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር ይለጥፋል፣ ይሰደባል፣ በማግስቱ «ቅር ያላችሁ ካላችሁ ይቅርታ» ይላል። ካላችሁ! ጥፋቱ እሱ የተናገረው መሆኑ ቀርቶ የእናንተ ቅር መሰኘት ሆነ። የድርጅቶች ማስታወቂያም እንዲሁ ነው፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ማን ፈጠረው? አይታወቅም። መጉላላቱ ራሱን ፈጥሮ መጥቶ ይሆናል። ይህ ጥበብ ከእንግሊዝኛ የድርጅት ደብዳቤ የተቀዳ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። ቃሉ አማርኛ ነው፣ አንጀቱ ግን ሶሪ ነው።

ይቅርታም ራሷ ከሶሪ በፊት መቅለል ጀምራ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። «ይቅርታ፣ ሰዓት ስንት ነው?» ስንል ምንም የበደልነው ሰው የለም። ቃል ሲደጋገም እንደ ሳንቲም ፊቱ ይላጫል። ሶሪ ይቅርታ የተላጨችበትን ቦታ ነው የያዘችው።

እና ደግሞ ሶሪን የማመሰግንበት አንድ ጉዳይ አለ። የጓደኛዬ አባት ጡረታ የወጡ ኮስታራ ሰው ናቸው። ልጆቻቸውን ሲቆጡ እንጂ ሲያባብሉ ያየ የለም። አንድ ቀን ልጃቸውን ያላደረገችውን ነገር አደረግሽ ብለው ሲጮኹባት ዋሉ። ማታ እውነቱ ወጣ። ራት ቀረበ፣ ማንም አይናገርም። አባት እንጀራውን ቆርሰው፣ ወጡን ጠቅሰው፣ ወደ ሳህኑ እያዩ «ሶሪ» አሉ። በቃ። ከዚያ አጎረሷት። ጓደኛዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአባቷ አፍ ይቅርታ ሰምታ አታውቅም። «ይቅርታ ቢሉኝ አለቅስ ነበር፣ እሳቸውም ይሞቱ ነበር» አለችኝ እየሳቀች። ሶሪ ጾታ የላትም፣ አንተ እና እርስዎ አትለይም፣ ከየትኛውም ወገን ክብር አትቀንስም። ትልቁን ቃል ለማውጣት ጉሮሮው ለማይከፈትለት ሰው በጓሮ በር ታስገባዋለች። እዚያ ቤት ግን ጉርሻው ተከትሏት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነው። የእማማን ታሪክ ነገርኩትና «እናንተ ለምንድን ነው ይቅርታ የማትሉት?» አልኩት።

በመስታወቱ አየኝ።

«ይቅርታ ካልኩማ መቆም ሊኖርብኝ ነው» አለ። «ቆሜ ወርጄ፣ ‘አይ ምንም አይደል ልጄ’ እስኪሉኝ ድረስ? ተሳፋሪው ይጮኽብኛላ! ሶሪ እየሄዱ ነው የሚባለው።»

ሳቅን። ቤቴ ደጃፍ ወረድኩና ሃምሳ ብር ሰጠሁት። ኪሱን ዳበሰ፣ ከወንበሩ ሥር ፈለገ። አሥር ብር ይቀረኛል።

«ዝርዝር የለኝም» አለ፤ ሞተሩን አስነስቷል። «ሶሪ!»

«ችግር የለም» አልኩት።